መሬቱ ሲፈስ የቱ ፓይል ይቆማል? ለመምረጥ የሚረዳ ንጽጽር

እ.ኤ.አ. በጁን 1964 የጃፓኗ ኒጋታ ከተማ በመሬት መንቀጥቀጥ ተናወጠች። በካዋጊሺቾ ሰፈር የነበሩ የመኖሪያ ሕንፃዎች አዘነበሉ፤ አንደኛው እንዲያውም በጎኑ ተጋደመ። ግድግዳቸው ብዙም አልተጎዳም። ችግሩ ከሥር ነበር፤ ጥልቀት በሌለው መሠረት ውሃ በጠገበ አሸዋ ላይ ነበር የቆሙት። ይህን ያየ ሰው "ፓይል ቢኖራቸው ኖሮ" ማለቱ አይቀርም፤ ፓይል ማለት ሕንፃውን ለመሸከም መሬት ውስጥ በጥልቀት የሚገባ ምሰሶ ነው። እዚያው ከተማ የነበረው የሾዋ ድልድይ ግን ፓይል ነበረው። ያውም የብረት ቱቦ፣ ስፋቱ 60 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 25 ሜትር ገደማ። ድልድዩ ገና አዲስ ነበር፤ እሱም ወደቀ። የዓይን ምስክሮች እንደሚሉት የወደቀው ዋናው ንቅናቄ ካለፈ በኋላ ነው።

ስለዚህ "ፓይል አለው ወይስ የለውም?" የሚለው ጥያቄ ብቻውን አይበቃም። ምን ዓይነት ፓይል፣ ምን ያህል ወፍራም፣ የት ድረስ የገባ፣ በምን አፈር ውስጥ የሚለው ነው ወሳኙ። ይህ ጽሑፍ ምርጫዎቹን ጎን ለጎን ያያል። ዲዛይኑን የሚሠራው ባለሙያ ነው፤ ከባለሙያው ጋር የሚነጋገር ሰው ግን ምን መጠየቅ እንዳለበት ቢያውቅ አይጎዳም።

ከምርጫው በፊት፦ ፓይሉን የሚጎዳው ምንድን ነው?

ነገሩ ወዲህ ነው። ላላ ያለና ውሃ የጠገበ አሸዋ ሲናወጥ ቅንጣቶቹ መጠጋጋት ይጀምራሉ። በመሃላቸው ያለው ውሃ ግን በዚያች ቅጽበት መውጫ የለውም። የውሃው ግፊት ያድጋል፣ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ የተደጋገፉበት ኃይል ይቀንሳል፣ በመጨረሻም ይጠፋል። ከዚያ በኋላ አሸዋው መሸከሙን ትቶ መፍሰስ ይጀምራል። መሐንዲሶቹ ሊክዊፋክሽን ይሉታል።

በዚህ ጊዜ ፓይሉ ላይ አራት ነገሮች ይደርሳሉ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ አይመጡም። ሕንፃው ራሱ እየተወዛወዘ የፓይሉን ራስ ወዲያና ወዲህ ይገፋል። ዙሪያውን ደግፎት የነበረው አፈር ሲፈስ ፓይሉ መሬት ውስጥ ያለ ረጅም ምሰሶ ይሆናል፣ የሕንፃውን ክብደት እንደተሸከመ። መሬቱ ተዳፋት ከሆነ ወይም አጠገቡ ወንዝ ወይም ባሕር ካለ፣ አፈሩ ወደ ጎን እየሄደ ፓይሉን ይገፈትራል። ሁሉም ነገር ሲረጋጋ ደግሞ ውሃው ቀስ እያለ ይወጣና አሸዋው ይሰምጣል፤ ሲሰምጥ ፓይሉን ይዞ ወደ ታች ይጎትታል።

ይህ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይረሳል። አንድ የ8 ሜትር ንብርብር 2 በመቶ ብቻ ቢጠጋጋ ከላይ ያለው መሬት 16 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። ፓይሉ ጠንካራ ንብርብር ላይ ከቆመ ሕንፃው አይወርድም፤ የላይኛው አፈር ግን ክብደቱን ፓይሉ ላይ ይሰቅላል። በነገራችን ላይ፣ ሕንፃው ቆሞ ግቢው ሲወርድ መጀመሪያ የሚበጠሱት የውሃና የፍሳሽ ቱቦዎች ናቸው። ከሕንፃው በሚወጡበት ቦታ ላይ የሚተጣጠፍ መገጣጠሚያ ማድረግ ከጠቅላላው ወጪ አንጻር ምንም ማለት አይደለም።

ሜዳ ላይ ነህ ወይስ ዳር ላይ?

እኔ ብሆን ስለ ፓይል ዓይነት ከማውራቴ በፊት ይህን እጠይቃለሁ። መልሱ ግማሹን ምርጫ ይወስናል።

መሬቱ ሜዳ ከሆነና በአቅራቢያው ወንዝ፣ ቦይ ወይም የባሕር ዳር ግንብ ከሌለ፣ ዋናው ስጋት ፓይሉ ድጋፍ ማጣቱና በኋላ የሚመጣው መስመጥ ነው። እዚህ ላይ ጥሩ ፓይል ብቻውን ሥራውን ሊሠራ ይችላል።

ዳር ላይ ከሆንክ ግን ጨዋታው ሌላ ነው። የሚፈሰው አሸዋ ላይ ያለው ደረቅ የላይኛው ሽፋን እንደ አንድ ቁራጭ ሆኖ ወደ ውሃው ይጓዛል። በዓይን የማይለይ ተዳፋት ይበቃዋል። እ.ኤ.አ. በ1995 የጃፓኗ ኮቤ በተናወጠችበት ጊዜ በወደቡ ያሉ ግንቦች ወደ ባሕሩ በሜትር የሚቆጠር ርቀት ተንቀሳቅሰዋል፤ ከኋላቸው ያለው መሬትም ተከትሏቸዋል። ያን የሚያህል አፈር በፓይል ጉልበት ብቻ አቆማለሁ ማለት ብዙ ጊዜ አያዋጣም።

የትኛው እንደሚገፋ ልብ ማለት ያስፈልጋል። ከኮቤ በኋላ የወጣው የጃፓን የመንገድ ድልድዮች ደንብ የሚፈሰው ንብርብር በፓይሉ ላይ የሚያሳርፈውን ግፊት ከላዩ ካለው የአፈር ክብደት ግፊት 30 በመቶ አድርጎ ይወስደዋል። የላይኛው ደረቅ ሽፋን ግን በሙሉ ጉልበቱ እንደሚገፋ ይቆጠራል። በቁጥር እንየው። አንድ ሜትር ኩብ አፈር 18 ኪሎ ኒውተን ቢመዝን፣ በ2 ሜትር ጥልቀት የክብደቱ ግፊት 36 ኪሎ ፓስካል ነው። ደረቁ አሸዋ በሙሉ ጉልበቱ ሲገፋ ይህን በ3 እጥፍ ገደማ ያሳድገዋል፤ 108 ኪሎ ፓስካል ማለት ነው። ከዚያ ትንሽ ዝቅ ብሎ የሚፈሰው ንብርብር በ3 ሜትር ላይ የሚያሳርፈው 16 ኪሎ ፓስካል ብቻ ነው። ጠላቱ ፈሳሹ ይመስላል፤ ክንዱ የከበደው ግን በላዩ ተሸክሞት የሚሄደው ደረቅ አፈር ነው። ለዚህ ነው ዳር ላይ ያለ መሠረት ፓይል ካፑ (የፓይሎቹን ራስ አንድ ላይ የሚያስረው የኮንክሪት ብሎክ) ጠባብና ጥልቀቱ ትንሽ ቢሆን የሚመረጠው። ሰፊ ካፕ ለሚመጣው አፈር ደረቱን ሰጥቶ እንደ መቆም ነው።

ጥቂት ወፍራም ወይስ ብዙ ቀጭን?

ከሁሉም ምርጫዎች ብዙ ልዩነት የሚያመጣው ይህ ይመስለኛል።

የ40 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸው 4 ፓይሎችና አንድ ባለ 80 ሴንቲ ሜትር ፓይል እኩል ኮንክሪት ይወስዳሉ። በተለመደ አፈር ውስጥ እንዲያውም ቀጫጭኖቹ ይሻላሉ፤ ጠቅላላ ዙሪያቸው እጥፍ ስለሆነ በሰበቃ የበለጠ ይሸከማሉ። አፈሩ ሲፈስ ግን ሰበቃው ይጠፋል፤ ወሳኙ ነገር አለመጉበጥ ይሆናል። በዚህ በኩል አንዱ ወፍራም ፓይል ከአራቱ ድምር 4 እጥፍ ግትር ነው። መታጠፍን በመቋቋም ደግሞ ከአራቱ ድምር 2 እጥፍ ይበልጣል። ኮንክሪቱ ያው ነው።

ቀጭን ሸንበቆ ከላይ ብትጫነው አይሰበርም፤ ወደ ጎን ጎብጦ ያመልጥሃል። ፓይልም ድጋፉን ሲያጣ እንዲሁ ነው። ተመራማሪው ባታቻርያና የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቹ የቆዩ አደጋዎችን መልሰው ሲመረምሩ አንድ ቀላል መለኪያ አገኙ፦ ድጋፍ ያጣው ርዝመት ለፓይሉ የቅጥነት ራዲየስ ሲካፈል ከ50 ካለፈ ፓይሉ አደጋ ላይ ነው። ለክብ ድፍን ፓይል ይህ ራዲየስ የውፍረቱ ሩብ ነው።

አስላው። የሚፈሰው ንብርብር 8 ሜትር ነው እንበል። ባለ 40 ሴንቲ ሜትሩ ፓይል ሩቡ 0.1 ሜትር ነው፤ 8 ሲካፈል ለ0.1፣ 80 ይሆናል። አልፏል። ባለ 80 ሴንቲ ሜትሩ 40 ላይ ይቆማል። ይህ ስሌት የፓይሎቹ ራስ በጠንካራ ካፕ ተይዞ መዞር እንደማይችል ታሳቢ ያደርጋል። ራሱ እንደ ልቡ የሚዞርና የሚሄድ ከሆነ ርዝመቱን በ2 ማባዛት ያስፈልጋል። የሾዋ ድልድይ ፓይሎች በአንድ ረድፍ የቆሙ ነበሩ፤ ከአፈሩ በላይ ደግሞ የወንዙ ውሃ አለ። ያ ሁሉ ሲደመር የቅጥነት ቁጥራቸው ከ50 እጅግ በጣም ርቆ ነበር። ብረት መሆናቸው አላዳናቸውም።

ወፍራሙስ ጉድለት የለውም? አለው። አንዱ ቢበላሽ የሚተካው የለም። ማሽኑም ትልቅ ነው፣ ሁሉም ቦታ አይገኝም። ወፍራም ፓይል ከሚሄደው አፈር የሚቀበለው ግፊትም ይጨምራል፤ ነገር ግን ግፊቱ በእጥፍ ሲያድግ ጥንካሬው በ8 እጥፍ ነው የሚያድገው። ስለዚህ በአብዛኛው ሚዛኑ ወደ ወፍራሙ ያደላል። በአንድ ካፕ ሥር ቢያንስ ጥቂት ፓይሎች መኖራቸው ግን ግድ ነው፤ ብቸኛ ፓይል ላይ ሁሉን ነገር መጣል አይመከርም።

ተቆፍሮ የሚሞላ፣ በመዶሻ የሚተከል፣ ወይስ ብረት?

ተዘጋጅቶ መጥቶ በመዶሻ የሚተከል የኮንክሪት ፓይል አንድ ጥሩ ጎን አለው፦ ሲገባ አሸዋውን ወደ ጎን እየገፋ ያጠጋጋዋል። በቅርብ ርቀት ከተተከሉ በመሃላቸው ያለው አሸዋ ራሱ ፈሳሽ የመሆን ዕድሉ ይቀንሳል። ጉዳቱ ደግሞ ጫጫታና ንዝረት ነው፤ አጠገቡ አሮጌ ቤት ካለ አስቸጋሪ ይሆናል። ቀጫጭንና ውስጣቸው ባዶ የሆነ፣ በተወጠረ የብረት ገመድ የተሠሩት የኮንክሪት ፓይሎች ደግሞ ከልክ ካለፈ አይተጣጠፉም፤ ቀጥ ብለው ቆይተው ድንገት ይሰበራሉ። ኮቤ ላይ እንዲህ የተሰበሩ ብዙ ነበሩ። ዳር ላይ ላለ ሳይት አልመርጣቸውም።

ተቆፍሮ በፌሮና በኮንክሪት የሚሞላው በሜዳ ላይ የእኔ የመጀመሪያ ምርጫ ነው። ውፍረቱን እንደፈለጉ ማድረግ ይቻላል፣ ጎረቤትን አያናውጥም። ድክመቱ ሥራው ላይ ነው። ውሃ በጠገበ ላላ አሸዋ ውስጥ ጉድጓዱ ይናዳል፤ መከላከያ የብረት ቱቦ ወይም ቤንቶናይት የሚባለው የጭቃ ውሃ ካልያዘው ኮንክሪቱ መሃል ላይ ቀጥኖ አንገት ይሠራል። አንገት ያለው ፓይል ደግሞ ከላይ ሲያዩት ምንም አይመስልም።

ፌሮው ላይ ልቆይ። በተለመደ ሥራ የፌሮው ቀፎ ከላይ ሲሶ ወይም ግማሽ ድረስ ብቻ ወርዶ የታችኛው ክፍል ባዶ ኮንክሪት ይቀራል። በሚፈስ አፈር ውስጥ ይህ ከባድ ስህተት ነው። ኒጋታ ላይ የኤንኤችኬ (የጃፓን ብሔራዊ ማሰራጫ ጣቢያ) ሕንፃ ፓይሎች ከ20 ዓመት ገደማ በኋላ በ1985 ተቆፍረው ሲታዩ ተሰብረው ተገኝተዋል። 35 ሴንቲ ሜትር ውፍረት፣ 12 ሜትር ያህል ርዝመት ነበራቸው። የተሰበሩት በሁለት ቦታ ነው፤ አንዱ ከራሳቸው ዝቅ ብሎ፣ ሌላው ከጫፋቸው ጥቂት ሜትር ከፍ ብሎ። መሬቱ ከ1 ሜትር በላይ ወደ ጎን ሄዶ ነበር። ሕንፃው ግን ያን ሁሉ ዓመት አገልግሎት ላይ ነበር፣ ማንም ሳያውቅ። የሚፈሰው ንብርብር ከማይፈሰው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ነው ፓይሉ በኃይል የሚታጠፈው። የታችኛው መገናኛ ያለበት ቦታ ላይ ፌሮ ከሌለ፣ ያ ፓይል እዚያ ጋ በቀላሉ ይሰበራል። ስለዚህ ቀፎው እስከ ታች ይውረድ፤ በሁለቱ መገናኛዎች አካባቢ ደግሞ ስታፋው ጠበቅ ጠበቅ ብሎ ይታሰር። ሥዕሉ ላይ መጀመሪያ የማየው ይህን ነው።

የብረት ቱቦ ፓይል ከሁሉም በላይ ሳይሰበር ይታጠፋል። ዳር ላይ ላለ ሥራ ጥሩ ነው፤ ግድግዳው ወፈር ያለ ከሆነ። ስስ ከሆነ ቱቦው ራሱ ይጨማደዳል። ውስጡን በኮንክሪት መሙላት ይህን ይቀንሳል። ዋጋውና ዝገቱ ግን መታሰብ አለባቸው፤ በተለይ የከርሰ ምድር ውሃው ከፍ ዝቅ በሚልበት ክፍል ላይ። በኤች ቅርጽ የተሠራው ብረት ሌላ ነገር ነው፤ በአንድ በኩል ጠንካራ፣ በሌላው በኩል ደካማ ነው። መሬቱ በየት በኩል እንደሚሄድ ካልታወቀ ደካማው ጎን ነው የሚታሰበው።

በጣም ቀጭኑ ማይክሮ ፓይልስ? ለአሮጌ ሕንፃ ማጠናከሪያ ጠባብ ቦታ ውስጥ ስለሚገባ ይወደዳል። ግን ባለ 20 ሴንቲ ሜትር ቱቦ 8 ሜትር በሚፈስ አፈር ውስጥ ሲታይ የቅጥነት ቁጥሩ ከ100 ይበልጣል። አፈሩ ካልተሻሻለ ብቻውን አልተማመንበትም።

ቀጥ ያለ ወይስ ያዘነበለ?

ያዘነበለ ፓይል የጎን ግፊትን በደንብ ስለሚይዝ ለወደብና ለድልድይ ለረጅም ጊዜ ተመራጭ ነበር። ይሁንና ግትርነቱ መልሶ ይጎዳዋል፤ የመንቀጥቀጡን ኃይል ከሌሎቹ ፓይሎች ቀምቶ ራሱ ላይ ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በ1989 በአሜሪካ በሎማ ፕሪዬታ መንቀጥቀጥ በኦክላንድ ወደብ ያዘነበሉ ፓይሎች ራሳቸው ላይ ተሰባብረዋል። ሌላም አለ፦ አፈሩ ሲሰምጥ ያዘነበለው ፓይል ጀርባ ላይ ይተኛል፣ ቀጥ ያለውን ግን በጎኑ ብቻ ነው የሚጎትተው። ራሱ ላይ ሆን ተብሎ የሚታጠፍ መገጣጠሚያ ካልተሠራለት በቀር ቀጥ ያለው ይሻላል።

ፓይል ብቻ፣ ፓይልና አፈር ማሻሻል፣ ወይስ ጭራሽ ያለ ፓይል?

ዳር ላይ ላለ ሕንፃ ገንዘቡ በቅድሚያ አፈሩ ላይ ቢወጣ ይሻላል። ለዚህ ጥሩው ምስክር ኮቤ ባሕር ዳር የነበረው ኦሪየንታል ሆቴል ነው። ሕንፃው በፓይል ላይ ነው የቆመው። በፓይሎቹ ዙሪያ አፈሩ ከሲሚንቶ ጋር ጥልቅ ድረስ ተደባልቆ እንደ ቼዝ ሰሌዳ መስመር የተሳሰሩ ግድግዳዎች ተሠርተው ነበር። አጠገቡ ያሉት ግንቦች ከግማሽ እስከ 2 ሜትር ወደ ባሕሩ ሲሄዱ በግድግዳዎቹ ውስጥ የታቀፈው አሸዋ ከቦታው አልተነቃነቀም፤ ፓይሎቹም ደህና ነበሩ። ዘዴው ውድ ነው። ሆኖም ከኮቤ ወዲህ በዚህ ላይ ያለኝ እምነት ከየትኛውም ወፍራም ፓይል ይበልጣል።

ርካሾቹ አማራጮች እንደ አፈሩ ይለያያሉ። ንጹሕ አሸዋ ከሆነ በሚንቀጠቀጥ መሣሪያ ማጠጋጋት ይሠራል። ደለልና ጭቃ ከበዛበት ግን ማጠጋጋቱ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው፤ ውሃው ቶሎ አይወጣም። እዚያ ላይ የጠጠር ምሰሶ ወይም ሲሚንቶ መደባለቅ ይታሰባል። የሚፈሰው ንብርብር 2 ወይም 3 ሜትር ብቻ ከሆነና ላይ ካለ ደግሞ ቆፍሮ ማውጣትና በተጠቀጠቀ ጠጠር መተካት ከሁሉም ይቀላል።

ቀላል ባለ አንድ ወይም ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ከሆነስ? እንደ ጠፍጣፋ ሳህን ያለ ጠንካራ ወጥ የኮንክሪት መሠረት ብዙ ጊዜ ይበቃዋል። ቤቱ ሊሰምጥና ትንሽ ሊያዘነብል ይችላል፤ ግን አንድ ላይ ስለሚንቀሳቀስ አይሰነጠቅም፣ በኋላም ተነስቶ ሊስተካከል ይችላል። ለእንዲህ ያለ ቤት አጭር ፓይል ማስገባት ጭራሽ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2001 የቡጅ መንቀጥቀጥ ጊዜ በሕንድ የካንድላ ወደብ ማማ ያዘነበለው እንዲህ ነው፦ 18 ሜትር የሚሆኑት 32 ፓይሎቹ ሸክላውን አልፈው ጫፋቸው ያረፈው ፈሳሽ በሆነው አሸዋ ውስጥ ነበር። ጨርሶ ያልወደቀው ፓይሎቹን የሚያገናኘው ሰፊ መሠረት ጭነቱን ስለተጋራ ነው። ፓይል ከገባ ታች ጠንካራው ድረስ ይግባ፣ እሱም ውስጥ ብዙ እጥፍ ውፍረቱን ይዝለቅ። ያ "ጠንካራ" የተባለው ንብርብር ስስ ሆኖ ከሥሩ ሌላ ላላ አሸዋ እንደሌለም ይረጋገጥ።

ይህን ሁሉ የሚወስነው ምርመራ

የአፈር ምርመራ ሲባል ብዙዎች ሁለት ጉድጓድ አስቆፍረው ወረቀት ያመጣሉ። ለዚህ ጉዳይ አይበቃም። ኤስፒቲ የሚባለው ሙከራ 63.5 ኪሎ መዶሻ ከ76 ሴንቲ ሜትር ከፍታ እየጣለ መሣሪያውን 30 ሴንቲ ሜትር ለማስገባት ስንት ምት እንደሚፈጅ ይቆጥራል። ንጹሕ አሸዋ ላይ ቁጥሩ ተስተካክሎ 30 ገደማና ከዚያ በላይ ከሆነ አይፈስም ተብሎ ይወሰዳል። 8 ወይም 10 ከሆነ ግን ስጋት አለ። ሲፒቲ የሚባለው ሾጣጣ ጫፍ ያለው ዘንግ ደግሞ ሳያቋርጥ ስለሚለካ በኤስፒቲ መሃል የሚያመልጡ ስስ ንብርብሮችን ያሳያል። ሁለቱንም ማግኘት ከተቻለ ሲፒቲው ንብርብሩን ይለይ፣ ቦሪንጉ (የጉድጓድ ቁፋሮው) ናሙናውን ያምጣ። የውሃው ከፍታ በዝናብ ወቅት የት እንደሚደርስ ካልተለካ ደግሞ ቁጥሮቹ ግማሽ መረጃ ናቸው።

"ይህ መሬት ባለፈው ጊዜ ፈስሷል፣ ከእንግዲህ ተጠጋግቷል" የሚል ክርክር ብትሰማ አትቀበል። በኒውዚላንድ ክራይስትቸርች እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2011 በተከታታይ መንቀጥቀጦች ያው ሰፈር፣ ያው አፈር ደጋግሞ ፈስሷል።

ቀድሞ ለተሠራ ሕንፃ

ፓይሉ ውስጥ ገብቶ ያለቀ ከሆነ ምርጫው ይጠባል። ከካፑ ዙሪያ ቆፍሮ ፓይሎችን መጨመር፣ በግቢው ዙሪያ አፈሩን በሲሚንቶ ማጠር፣ ወይም ውሃውን የሚያስወጡ ማፋሰሻዎች መቅበር ይቻላል። ዳር ላይ ላለ ሕንፃ ከውሃው በኩል ያለውን ጎን ማጠር ብቻ እንኳ ብዙ ይረዳል፤ አፈሩ መሄጃ ሲያጣ ፓይሉን የሚገፋው ይቀንሳል።

ከመንቀጥቀጥ በኋላ የፓይሎቹን ጤና ማወቅ ደግሞ ራሱን የቻለ ራስ ምታት ነው። በመዶሻ መታ አድርጎ የሚመለሰውን ድምፅ ማዳመጥ የሚባለው ዘዴ ላዩ ላይ ካፕና ሕንፃ ሲኖር ብዙ ጊዜ ግልጽ መልስ አይሰጥም። አዲስ የምትሠራ ከሆነ በጥቂት ፓይሎች የፌሮ ቀፎ ላይ እስከ ታች የሚወርድ ባዶ ቱቦ እንዲታሰር አስደርግ፣ አፉም ከካፑ በላይ ተከድኖ ይቆይ። ከመንቀጥቀጡ በኋላ ዘንበል መለኪያ አውርዶ ፓይሉ የት ላይ እንደታጠፈ ማየት የአንድ ቀን ሥራ ይሆናል።